ኢንተርኔት የገባ ዕለት

ሰሞኑን ለተከራየሁት ቤት ራውተር ገዛሁ። ሰክቼው መብራቶቹ ተራ በተራ ሲበሩ ማየት ስላልቻልኩ ፊቴን አዞርኩ።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ እስካገኝ መካነ ኢየሱስ ከተማ እናቴ ቤት ነበርኩ። ታላቅ እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። በከተማችን የሞባይሉ ኔትወርክ ከድምፅ ስለማያልፍ፣ እናቴ ልጇን ከሸኘች ወዲህ ፊቷን አላየችም። የቤት መስመር አስገቡ፣ ራውተርም ግዙ እያለች የወተወተችን እህቴ ራሷ ናት።

ጥቅምት ነበር። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ የባቄላ እሸት እየፈለፈለች አጠገቤ ተቀመጠች።

«እሷም ታየኛለች?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«እንግዲያ አፌን ሸፍኜ ነው የምስቅ። ጥርሴ መውለቁን ካየች ታለቅሳለች።»

ገመዱን ስሰካ የንስሐ አባታችን ገቡ። ራውተሩን ቆመው አዩት።

«ዛሬ ምን አስቸኮላችሁ? ነገ አይደርስም?»

«እርስዎ ደግሞ! ልጄን ላይ እኮ ነው፣ አባ።»

እሸቱን ሳይቀምሱ፣ መስቀላቸውን አሳልመውን ወጡ። ዕቃው አላማራቸውም ብዬ አሰብኩ።

የይለፍ ቃሉን አስገባሁ። ስልኬ እንደተገናኘ የእህቴ ጓደኛ መልእክት ገባ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከሰገነት ወድቃ ሐኪም ቤት ብናደርሳትም አልተረፈችም። አጎትሽ ነግረውሻል ብዬ ነው።»

አጎቴ ሰምቶ ለአባ ነግሯቸው ኖሯል። በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ዘመድ ተጠራርቶ፣ ማልዶ፣ ቤት ድረስ መጥቶ ያረዳል። እስከዚያ የሰማ ሁሉ ዝም ይላል። አሁን እኔም ዝም ከሚሉት አንዷ ሆንኩ።

«መጣች?»

«መስመሩ እምቢ አለ፣ እማዬ።»

«አንች ደግሞ፣ ያን ሁሉ ተምረሽ!» ብላ ሳቀችብኝ። ማታ እራቷን በላች፤ ለነገ ብላ ቀሚሷን አጥፋ አስቀመጠች። እንቅልፍም ወዲያው ወሰዳት።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የብዙ ሰው ኮቴ ይሰማል። እናቴ ከመኝታዋ ቀና አለች።

«መስመር ሠሪዎቹ ናቸው፤ ክፈችላቸው» አለችኝ።

ከፈትኩ።

መርዶ መደበቅ ጭካኔ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ይሁን አይሁን ለይቼ አላውቅም። ያን ምሽት እናቴ ልጅ እንዳላት አምና ተኝታለች፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስትተኛ አላየኋትም። አስቀድሜ ማወቄን ጠይቃኝ አታውቅም። ዛሬ አገሩ ሁሉ ኔትወርክ ገብቶለታል። ስደውልላት ግን ፊቴን ላሳያት ስል፣ «ተይው፣ ድምፅሽ ይበቃኛል» ትለኛለች።