ጤነኛ ነኝ ያልኩ ቀን

ከከሚሴ የወጣሁት ሳይነጋ ነው። እናቴ ለሱብሒ ሶላት ሳትነሣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ሳልሰናበታት መውጣቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሱዳንን አልፌ ሊቢያ የደላሎች መጋዘን ውስጥ ከረምኩ። እዚያ የደረሰብኝን በዚያ መንገድ ያለፈች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፤ አልዘረዝረውም። እዚያ የያዘኝ ኤችአይቪ ያለ መድኃኒት ሲበላኝ ድዴ ቆሰለ፣ ጥርሴ አንድ በአንድ ረገፈ። ጀርመን የገባሁት በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ በባዶ ድድ ነው።

እዚህ መድኃኒቱ በነጻ ነው፣ ዳቦው ግን ድንጋይ ነው፤ በሾርባ አርሼ እውጠዋለሁ። የአገሬ የጨፋ ሜዳ የማሽላ እሸት በዓይኔ ይዞራል፤ ቢሰጡኝስ በምን ልበላው? እናቴ ስትደውል ካሜራ አልከፍትም። ፊትሽን ካየሁ አራት ዓመቴ ትለኛለች። አፌን ብታይ በየት እንዳለፍኩ ይገባታል።

አንድ ቀን የምትከታተለኝ ነርስ ወሬ ይዛልኝ መጣች። ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ፣ ጥርስ ላለቀባቸው ጥቂት ሰዎች ኢምፕላንት በነጻ የሚሠራ ሐኪም አለ፤ መንጋጋ አጥንት ላይ እንደ ብሎን የሚተከል ጥርስ ነው። መድኃኒትሽን በደንብ ስለወሰድሽ እንደማንም ሰው ይይዝልሻል አለችኝ። አለቀስኩ። ተርሚን ያዘችልኝ፤ ቀጠሮን እንዲህ ነው የሚሉት።

ሐኪሙ አስተርጓሚ በስልክ አገናኘኝ። ሰውዬው አነጋገሬን ሰምቶ ከወዴት ነሽ አለኝ። ከሚሴ ስለው እሱ የጎረቤታችን የጨፋ ሮቢት ልጅ ሆኖ ተገኘ። የማን ልጅ ነሽ ሲባል የአባትን ስም መደበቅ ነውር ነው፤ ነገርኩት። የከብት ደላላውን አባቴን ያውቀዋል። እዚህ የምለው ሁሉ ከሚሴ ሊደርስ ነው።

ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ ጠየቀ፤ አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኅቴ፣ ቫይረሱ በደምሽ ከተገኘ ስንት ጊዜሽ ነው ይላል።»

«የሌላ ሰው ወረቀት ነው በለው። እኔ ጤነኛ ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ከልቡ። ከሐኪሙ ጋር ጥቂት ተነጋገረ። «እንግዲህ ጤነኛ ስለሆንሽ የነጻው ጥርስ አይሰጥሽም ይላል።»

ሐኪሙ ግራ ገብቶት ደጋግሞ አስጠየቀኝ፤ ደጋግሜ ካድኩ። ነርሷ ስትሰማ ተቆጣችኝ። ሮጣ ብትደውልም ቦታዬ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ጥርሴን ለሁለተኛ ጊዜ ያረገፍኩት እኔው ራሴ ነኝ።

በሳምንቱ እናቴ ደወለች።

«አንድ የሮቢት ሰው ለአባትሽ ደውሎ፣ ልጅህ ጤነኛ ናት፣ ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ አለው። ያ ረቢ፣ እኔማ ስንት ነገር አስቤ ነበር። በይ ካሜራውን ክፈቺና ልይሽ።»

ኔትወርክ የለም አልኳት።

«ድምፅሽ ግን አጠገቤ ያለሽ ያህል ይሰማኛል» አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁባት። መልሳ ስትደውል አላነሣሁም።