ሦስት ፖስታ፣ አንድ ተናጋሪ

በቤታችሁ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ታሪክ መጀመሪያ ማን እንዳወራው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ ዛሬ ጠየቅኩ። ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

ከተመረቅኩ ወዲህ የቤተሰባችንን ታሪክ እያሰባሰብኩ ነው። የባቡር ሠራተኛ የነበረው አያቴ በደርግ ጊዜ ከዚሁ ድሬዳዋ ካለው ቤታችን ተወስዶ አልተመለሰም። የጠቆመበት ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ነው ይባላል። እስከ ዛሬ ከልጆቹ ጋር ሰላም አንባባልም።

ለዚህ ሦስት ምስክር ነበረኝ፤ እናቴ፣ አክስቴና አጎቴ። የነገሩኝን ጽፌ በየስማቸው ፖስታ አስቀምጫለሁ። (ሥራ ፈላጊ ሰው ፋይል አያያዙ ያምራል።) ፖስታዎቹን የገዛልኝም አጎቴ ነው።

ዛሬ በየፖስታው ላይ "ከማን ሰማ?" የሚል መስመር ልጨምር ብዬ ደወልኩ።

እናቴ "ከአጎትሽ" አለችኝ።

አክስቴም "ከወንድሜ ነዋ፣ ከማን ልሰማ" አለች።

አጎቴ ቤት ሄድኩ። "ጋሼ፣ አንተስ ከማን ሰማህ?"

"አቦ ተይኝ፣ ያለፈ ነገር ነው።"

ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት።

"ከማንም አልሰማሁም" አለ በመጨረሻ። "እናታችን በየቀኑ 'ማነው የጠቆመብን?' እያለች ስታለቅስ አንድ ስም መስጠት ነበረብኝ። ልጅ ነበርኩ።"

ልጅነቱስ እሺ። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ ግን? እኔ ስጽፍ እያየ ዝም ያለውስ?

ሦስቱንም ወረቀት አንድ አዲስ ፖስታ ውስጥ ከትቼ የአጎቴን ስም ጻፍኩበት።

የጋሽ ታደሰ ልጅ ሱቅ ከእኛ ሁለት በር አልፎ ነው። ነገ እገባለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ምን ብላችሁ ጀመራችሁ? ከታች ጻፉልኝ።