አንድ ዓይን ያለው ፈርዖን

ከደብረ ታቦር ልወጣ በዋዜማው ያለቀሰው አባቴ ነው። እናቴማ ስንቄን ስታስር "ድርቆሹን ከታች፣ በሶውን ከላይ" እያለች ከራሷ ጋር ስትከራከር አመሸች። አባቴ ግን ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ግራ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ደጋግሞ ሲጠርግ ቆየና ከመደቡ ሥር አንድ ጥቅል አወጣ። የአቡጀዲ ቁርጥራጭ ነበር።

የአገሬ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። አቡጀዲ ላይ ይሥልና ጨርቁን ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። የተረፈውን ቁራጭ ከልጅነቴ ጀምሮ ለእኔ ይሰጠኝ ነበር፤ እኔም አሻንጉሊት እሰፋበታለሁ። አዳምን፣ ዮናስን፣ ዳዊትን ሁሉ ሰፍቻለሁ። ስሰፋ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያርመኝ ነበር። "ጻድቅ ፊት ለፊት ያይሻል፤ ሁለት ዓይን አለው። ክፉ ሰው ግን ፊቱን ያዞራል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ይህን ከሳትሽ ሕዝቡ በማን እንደሚያለቅስ፣ በማን እንደሚቆጣ አያውቅም" ይለኝ ነበር።

"አሰላ ብርድ ነው አሉ፤ ለእግርሽ መጠቅለያ ይሆንሻል" አለኝ ጥቅሉን ሲሰጠኝ። ለእግር እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ባሌ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ወደ አሩሲ ተዛወረ ሲባል ለአንድ ዓመት መስሎን ነበር። እስከ ባሕር ዳር በበቅሎ፣ ከዚያ በካሚዮን እህል ላይ ተጭነን ሄድን። የዓባይን በረሃ ስንወርድ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስንወጣም አልገለጥኩ፤ ስለዚህ ስለ ዓባይ የማወራላችሁ ሙቀቱን ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ሌላ መኪና ይዘን፣ ናዝሬትን አልፈን፣ አዋሽን ተሻግረን ዴራ ስንደርስ ጎማው ፈነዳ። ጎሚስታው ምሳ ላይ ነው አሉን። ምሳው እስከ አሥር ሰዓት ቆየ። ባሌ "ምን ዓይነት ምሳ ነው ይሄ?" ብሎ ቢጮህ ሾፌሩ "የሠርግ ነው ጌታዬ፤ የራሱ ሠርግ" አለው። እውነቱን ነበር፤ ሙሽራው ሱፉን ሳያወልቅ መጥቶ ጎማችንን ለጠፈልን።

አሰላ የደረስነው በዝናብ ነው። እኛ አገር ዝናብ ወቅቱን ጠብቆ ይመጣል፤ እዚህ ግን እንደ ቤተኛ ሳይጠራ ይገባል። ጭላሎ ተራራ ከከተማው በላይ እንዳለ ነገሩኝ፤ ጉሙ ተነሥቶለት ለማየት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እንጀራው የገብስ ነው፤ ጠንከር ይላል። ወተቱ ግን ወፍራም ነው፤ ስለ ወተቱ አልዋሽም። እኛ ለእንግዳ "በሞቴ ጠጡ" እያልን እናስጨንቃለን፤ እዚህ ወተቱን ፊታችሁ አስቀምጠው ዝም ይላሉ። መጀመሪያ ጠልተውኝ መስሎኝ ነበር።

በደረስን በአራተኛው ቀን ባሌ ከዳኛው ጋር ለሥራ ጢቾ ወደምትባል ከተማ ተላከ፤ ቤት የምፈልገው እኔ ሆንኩ። አንድ የእህል ነጋዴ ክፍል እንዳላቸው ሰምቼ ሄድኩ። ሐጂ ቃሲም ይባላሉ፤ ነጭ ጥምጥም የሚያስሩ፣ ከዘራ የሚይዙ ሽማግሌ ናቸው።

"ስንት ናችሁ?" አሉኝ።

"ሁለት ነን።"

"ባልሽ የታለ?"

"ጢቾ ሄዷል።"

"እንግዲያው አንድ ነሽ።"

"ይመለሳል እኮ ሐጂ።"

"ሲመለስ ሁለት ትሆናላችሁ። ጣሪያው ያፈሳል፤ ደረቅ ቦታ ያለው ለአንድ ሰው ነው። አንቺ ልጅ ተኚበት፤ እሱ ሲመጣ ይታሰብበታል።"

በማግሥቱ ራሳቸው ሰው ይዘው መጥተው ጣሪያውን አስከደኑልኝ። ማታ ማታ ደግሞ በልጅ ልጃቸው በዘይነባ እጅ ወተት ይልኩልኛል።

ዘይነባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አያቷ ዘንድ ነው የምታድገው። ባሌ ጢቾ ሲመላለስ፣ ከጢቾ ሲመለስ ጮሌ ወደሚባል ሌላ ወረዳ ሲላክ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ የማወራው ከእሷ ጋር ነበር። ልጅ የለኝም። ይህን ሳልደብቅ ልናገር፤ ያቺ ልጅ በሩን ገፍታ ካልገባች ቀኑ አይነጋልኝም ነበር። ኦሮምኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ የማስተማሪያ መጽሐፏ የእኔ አሻንጉሊቶች ነበሩ። ጣቷን አፍንጫው ላይ ታደርግና "ፉኛን" ትላለች፤ አፉ ላይ "አፋን"፤ ዓይኑ ላይ "ኢጃ"። አንድ "ቶኮ"፣ ሁለት "ለማ"። ሽማግሌውን አሻንጉሊት አንሥታ "አባን ኮ፣ አባቴ በይ" ትለኛለች። ስሳሳት እስከምትወድቅ ትስቃለች።

አሻንጉሊቱ ብዙ ጥበብ የለውም። ሁለት እንጨት መስቀለኛ ታስሮ፣ የበግ ጸጉር በአቡጀዲ ተጠቅልሎ ራስ ይሆናል፤ ዓይንና አፍ በጥቁር ክር ይሰፋል፤ ልብሱ ያለቀ ነጠላ ነው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ የሰፈሩ ልጆች ግቢው ውስጥ ይሰበሰቡና አንዱ ዳዊትን፣ አንዱ ጎልያድን ይይዛል፤ እኔ ታሪኩን እነግራቸዋለሁ፤ እነሱ ያስኬዱታል። ዮሴፍን ባሳየንበት ዕለት ዘይነባ "ዩሱፍ ነው! አባባ ነግሮኛል" ብላ ከእኔ ቀድማ ጨረሰችው። ሐጂም ከበረንዳቸው ሆነው ይሰሙ ነበርና ጠሩኝ።

"ጥሩ ነው የምትሠሪው። ግን የነቢይ ፊት አይሠራም። ነውር ነው።"

"የእኛ ልጆችስ ማን መሆኑን በምን ያውቁታል ሐጂ?"

"በሥራው" አሉኝ።

ወደድኩት። ከዚያ በኋላ ሙሴን ስሰፋ ፊቱን ባዶ ተውኩት፤ ነጠላ አከናንቤ በትር ብቻ አስያዝኩት። ይህን ያደረግሁት ሐጂን ለማክበር ነው፤ እሳቸውም አውቀውልኝ ነበር። የሙሴ ዕለት ተጋብዘው በርጩማቸውን ይዘው መጥተው ከልጆቹ ኋላ ተቀመጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እስካሁን ስለ ሐጂ ቃሲም ሳወራላችሁ የቀኝ ዓይናቸው የጠፋ መሆኑን እንዳልነገርኳችሁ አስተዋላችሁ? አልደበቅኋችሁም። ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሳያቸው ኖሬ ነገሩ ከዓይኔ ወጥቶ ነበር። ሰው የወደደውን ሰው እንደዚያ ነው የሚያየው። ግን ይህን ማን ያምነኛል?

ፈርዖንን የሰፋሁት አባቴ እንዳስተማረኝ ነው፤ አንድ ዓይን አድርጌ። ዘውድ የምሠራበት ነገር ስላልነበረኝ ከአባቴ አቡጀዲ ቀድጄ ራሱ ላይ ጠመጠምኩለት። ንጉሥ ነውና በትር አስያዝኩት። ስጨርስ አገላብጬ አየሁትና "ጎበዝ! አባባ ቢያይሽ ይኮራ ነበር" አልኩ ለራሴ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ነጭ ጥምጥም፣ ከዘራ፣ አንድ ዓይን።

ፈርዖን ከሰቀልኩት መጋረጃ ወጥቶ "አልለቃችሁም!" ብሎ በትሩን መሬት ላይ ሲመታ ከልጆቹ አንዱ "ሐጂ ቃሲም!" ብሎ ጮኸ። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ዘይነባም ሳቀች፤ ወዲያው ግን ዞር ብላ አያቷን አየች፤ ሳቋም ቆመ። ያኔ ነው እኔም ያየሁት። ሐጂ ቀስ ብለው ተነሡ፤ በርጩማቸውን አንሥተው ሄዱ። ተከትያቸው ሮጥኩ። አማርኛ ቢያውቁም ይቅርታ የምጠይቃቸው በቋንቋቸው ይሁን ብዬ ነበር፤ የያዝኩት ኦሮምኛ ግን ከዘይነባ የተማርኩት ብቻ ነው፤ ሌላ ቃል ከየት ላምጣ? "ሐጂ! ኢጃ ቶኮ… ኢጃ ቶኮ…" አልኩ። አንድ ዓይን፣ አንድ ዓይን! ቀጥሎ የሚባለውን አላውቀውም። ግቢው ሁሉ ሰማኝ።

በማግሥቱ አሻንጉሊቱንም ጎረቤቴን ወይዘሮ አስካለንም ይዤ ደጃቸው ሄድኩ። አያቶቿ ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ እሷ እዚሁ ተወልዳ ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፋ ትናገራለች፤ ይቅርታዬን በቋንቋቸው እንድታደርስልኝ ነው የወሰድኳት። በመንገድ ላይ "ፈንጣጣ ነው ያጠፋባቸው። ልጅ ሳሉ ሦስት ወንድሞቻቸውን በአንድ ሳምንት ወስዶ እሳቸውን እንዲህ አድርጎ ተዋቸው። እዚህ አገር በፊታቸው የዓይን ነገር አይነሣም" አለችኝ። ምነው ዓመት ሙሉ ዝም አልሽኝ ልላት ፈልጌ ተውኩት።

"ንገሪልኝ፤ በእኛ አገር ክፉ ሰው የሚሣለው በአንድ ዓይን ነው፤ የሥዕል ሕግ ነው፤ እሳቸውን ማለቴ አይደለም" አልኩ። አስካለ ተረጎመች። ሐጂ ግን በአማርኛ መለሱልኝ።

"ሕጉ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከጥንት ጀምሮ።"

"እኔን ሳታውቁኝ በፊት?"

"አዎ ሐጂ!" ብዬ ደስ አለኝ፤ የገባቸው መስሎኝ።

"እንግዲያው ሳታውቁኝም ክፉ ነበርኩ" አሉ።

"አይደለም፤ ሌላው ዓይን እኮ አለ! ፊቱን ስላዞረ ነው፤ በወዲያ በኩል ነው ያለው" አልኩ ፈርዖንን እያሳየሁ። ተቀበሉኝና አዙረው አዩት። በወዲያ በኩል ያለው ባዶ ጨርቅ ነው። አባቴ ግድግዳ ላይ ሲሥል ወዲያኛው ወገን ግድግዳው ውስጥ ይቀራል፤ ማንም አዙሮ አያየውም። አሻንጉሊት ግን ይዞራል።

"እኔም ብዙ ፈልጌው ነበር። የለም" ብለው አሻንጉሊቱን መለሱልኝ። ከዚያም "ቤቱን ለእህቴ ልጅ ፈልጌዋለሁ። ጥድፊያ የለም፤ ሲመችዎት ይልቀቁ" አሉኝ። እስከዚያ ቀን "አንቺ ልጅ" ነበር የሚሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ባሌ ከጮሌ ሲመለስ "በጨርቅ ከቤት አስወጣሽኝ!" አለና ዕቃውን ያስር ጀመር። ገበያው አጠገብ ሌላ ቤት አገኘን። ቆርቆሮ ነው፤ ሲዘንብ እርስ በርስ አንሰማማም፤ ለባሌና ለእኔ ጥሩ ሆነ። ወተት ከገበያ እገዛለሁ። ዘይነባ አትመጣም። አንድ ቀን ከአንዲት ዘመዷ ጋር ስታልፍ አይቻት ስሟን ጠራሁ፤ ዞር ብላ አየችኝ፤ ሴትዮዋ እጇን ሳብ አደረገቻት።

ለፈርዖን ሁለተኛ ዓይን ሰፋሁለትና ለሐጂ ስጪልኝ ብዬ ለአስካለ ሰጠኋት። በማግሥቱ መልሳ አመጣችው። "'በእኔ ምክንያት ፈርዖንን አታጽድቁት' አሉሽ" አለችኝ።

ግራ ሲገባኝ ለአባቴ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ጉዳዩን ሳልጠቅስ፣ በዚህ ቀን ስልክ ቤት ተገኝልኝ ብዬ። ቀኑ ሲደርስ አሰላ ስልክ ቤት ሄድኩ።

"ማንን ይፈልጋሉ?" አለኝ የስልክ ቤቱ ጸሐፊ።

"አባቴን፤ ደብረ ታቦር።"

"ስልክ አላቸው?"

"የላቸውም።"

"ታዲያ እንዴት ይደወልላቸዋል?"

"ስልክ ቤቱ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።"

"እዚያ መቆማቸውን በምን አወቁ?"

"አባቴ ናቸዋ!" አልኩ። አየት አደረገኝና መስመሩን ጠየቀልኝ። ጥበቃው ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

የአባቴ ድምፅ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ መጣ። "ልጄ፣ ደህና ነሽ?" አለኝ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም፤ ግን ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው የተሰጠኝ።

"አባባ፣ ፈርዖንን በሁለት ዓይን ብሰፋው ኃጢአት ይሆንብኛል?"

"ምን አልሽ?"

"ፈርዖንን! ሁለት ዓይን!" ብዬ ጮኽኩ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አባቴም "ልጄ፣ እኔ ሥዕል ትቻለሁ። ግራ ዓይኔ ጠፍቷል። አንቺ ሳትሄጂ ነው የጀመረኝ፤ መንገደኛ አይረበሽም ብለን ደበቅንሽ" አለኝ።

ያ ምሽት፣ ምድጃው አጠገብ፣ ግራ ዓይኑ ላይ የነበረው የጋቢው ጫፍ ትዝ አለኝ። ስለ እኔ የሚያለቅስ መስሎኝ፣ ያንን ለቅሶ ይዤ ነበር ይህን ሁሉ አገር ያቋረጥኩት።

"እኔስ ደህና ነኝ፤ አንዱ ይበቃል" አለ አባቴ። "ይልቅ ያ በደብዳቤሽ የጻፍሽልኝ፣ ወተት የሚልኩልሽ ሰውዬ፣ ሐጂ፣ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው አባባ።"

"ሰላም ብሎዎታል በያቸው። ልጄን ስለያዙልኝ እግዜር ይስጥልኝ ብሏል በያቸው።"

"እሺ አባባ፤ እነግራቸዋለሁ።"

"ጊዜዎ አልቋል" አለ ጸሐፊው።

ከስልክ ቤቱ ወጥቼ እግሬ ሐጂ ቃሲም በር ላይ አደረሰኝ። ዘይነባ ከውስጥ ትስቃለች። የምናገረውን ኦሮምኛ አውቀዋለሁ፤ ከሷው የተማርኩት ነው፤ "አባን ኮ፣ ኢጃ ቶኮ።" አባቴ፣ አንድ ዓይን። ከዚህ በላይ ቃል አያስፈልገውም። ግን ከእኔ አፍ "ኢጃ ቶኮ" ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰሙ ምን ይላሉ? ደግሞ መጣች አይሉም? እጄን በሩ ላይ አድርጌ ብዙ ቆምኩ። ዝናቡ ሲጀምር ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

አባቴ በየደብዳቤው "ሰላምታዬን አደረስሽልኝ?" ይለኛል። አድርሻለሁ ብዬ እጽፍለታለሁ። ሰላምታው እስካሁን እኔው ዘንድ ነው።