የማይገጥም ክዳን

ከጨረር ሕክምና ክፍሉ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር የማትጠፋ ሴት አለች። ስልኳን ክዳኑ በወጉ በማይገጥም የብስኩት ቆርቆሮ ከትታ ከወንበሩ ወዲያኛው ጫፍ ታስቀምጠዋለች። ሲጮኽ ቆርቆሮው እንደ ተቆጣ ንብ ይነዝራል፤ ተነስታ ትሄድና ክንዷን ዘርግታ በድምፅ ማጉያ ታወራለች። በዚህ የተነሳ እኛ አስታማሚዎች የቤቷን ገመና አንድ ሳይቀር ሰምተናል። ማይክሮዌቩን ለማትወዳት የባሏ እህት ሰጥታለች። ፕላስቲክ የሚባል ዕቃ ደጇን አይረግጥም። ጸጉሯን መቀባት ከተወች ወዲህ ሽበቱ ከሥሩ አንድ ጣት ያህል ወጥቷል፤ ልጇ ከታመመች ስንት ጊዜ እንደሆናት የምናውቀው በሱ ነው።

ዛሬ ሐኪሙ ከልጅቷ ዘንድ ወጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለ።

«እናቴ፣ ካንሰሩን ስልኩም ማይክሮዌቩም አይደሉም ያመጡባት። እርስዎ ያጠፉት አንዳች ነገር የለም፤ በከንቱ ራስዎን አይጉዱ» አላት።

እፎይ የምትል መስሎኝ ነበር። ፊቷ ግን አመድ መሰለ። ቆርቆሮውን ከወንበሩ ጫፍ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችና ያንን የማይገጥም ክዳን በሁለት መዳፏ ደጋግማ ተጫነችው።

«እሺ ዶክተር» አለች። «ታዲያ እኔ ምኑን ልጣልላት?»