የዓይነ ሜትር የመርፌ ትራስ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ «ዓይነ ሜትር» ነው የሚላት። ሰው በሯ ላይ ሲደርስ ከእግሩ እስከ ራሱ አንዴ ታየዋለች፤ በቃ፣ መቀሷን ታነሳለች። አንገቷ ላይ ያለው ሜትር ለጌጥ ነው። እኔ የሰፋችውን ልብስ በካውያ ተኳሽ ነኝና ስለ እሷ የማወራው ከምንጩ ነው። ጉረኛ ናት! ቋጣሪም ናት፤ ቁራጭ ክር ወድቆ ካየች ቀኑን ሙሉ ስትነጫነጭ ትውላለች። ግን እጇ ይባረክ፣ የሰፋችው ሲለበስ ያምራል።

ታናሽ እህቷ አውቶብስ ላይ ትኬት ቆራጭ ናት። ድምጿን ብትሰሙ! «ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ!» ስትል ሱቃችን ድረስ ይሰማ ነበር። ካንሰር ይዟት አንድ ጡቷ በቀዶ ጥገና ከወጣ ወዲህ ግን ያ ድምፅ ጠፋ። ሐኪሟ «ድነሻል፣ ሥራሽን ጀምሪ» ቢላትም ሰፊ ጃኬት ደርባ ቤት ተቀመጠች። «ሰው ሁሉ ደረቴን ነው የሚያየው» ትላለች። ይሄ ነገር የዓይነ ሜትርን አንጀት ይበላው ነበር።

ታዲያ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው አንድ ነገር አሰቡ። የጡት ካንሰር ይዟቸው መድኃኒት መግዣ ላጡ ሴቶች የልብስ ትርኢት ይዘጋጅ! ልብሱን ዓይነ ሜትር ትሰፋለች፣ ከበሽታው የዳኑት ለብሰው ይወጣሉ፣ ከዚያ ልብሱ በጨረታ ይሸጣል። በደስታ ስዘል ካውያውን ረስቼ የሰው ሱሪ አቃጠልኩ። ዓይነ ሜትር እንኳ አልተቆጣችኝም፤ በቀጥታ እህቷ ቤት ገሰገሰች።

«መጀመሪያ የምትወጪው አንቺ ነሽ» አለቻት።

«እትዬ፣ በናትሽ ተይኝ።»

«እኔ ሰፍቼልሽ ማን ምን ሊያውቅ? እጄን አታውቂውም?»

ስንት ተለማምጣ እሺ አስባለቻት።

«ለሷስ ሜትር አውጪ፤ ሰውነቷ ተለውጧል» ብያት ነበር።

«ለእህቴ? ዓይኔን ጨፍኜ እሰፋላታለሁ!» አለችኝ።

ቀኑ ደረሰ። የሰፈራችን ትምህርት ቤት አዳራሽ ጢም ብሏል! ከመድረኩ ጀርባ እህትየው ቀዩን ቀሚስ ለበሰች። ትከሻው ልክክ፣ ወገቡ ልክክ። ደረቱ ግን በአንድ በኩል ሞልቶ በሌላው ተጨማዶ ተንጠለጠለ። ዓይነ ሜትር የሰፋችው ለድሮዋ እህቷ ነበር። እህትየው መስታወቱን አየችና ጃኬቷን አነሳች።

«ብዬሽ ነበር እኮ» አለች።

እኔ ደሜ ፈላ። «ሜትር አውጪ አላልኩሽም?» ብዬ ጮህኩባት።

ዓይነ ሜትር እንደዚያ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም። «ሜትሩን እዚያ ቦታ ላይ ማሳረፍ ፈርቼ ነው» አለች።

እህትየው ዞረች። «ከታመምኩ ወዲህ ዓይን ዓይኔን ብቻ የምታዪኝ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«እንግዲያው አሁን እዪ» ብላ ቀሚሱን ከትከሻዋ ዝቅ አደረገችው።

ዓይነ ሜትር አየች። ጠባሳውን በመዳፏ ሸፈነችው፤ እንባዋን ጠረገች። ከዚያ እጇ አንጓ ላይ የምታስራትን የመርፌ ትራስ ፈታች፣ መርፌዎቹን እየነቀለች እህቷ ጃኬት ላይ ሰካቻቸው። ያን ጃኬት ከእንግዲህ ማንም አይለብሰውም። ትራሷን በቀሚሱ ውስጥ አስገብታ አስተካከለች። ልክክ!

«አያችሁ፣ ዓይኔ እኮ…» ስትል፣ «ዝም በይ!» አልናት ሁለታችንም።

እህትየው ወጣች። እልልታው ጣራውን ሊያነሳው! መድረኩ መሀል ስትደርስ ቆመች። አለቀልን አልኩ። እጇን በአንገትጌዋ አስገብታ ትራሷን አወጣችና ከፍ አድርጋ ያዘቻት።

«በሩ ላይ ያላችሁ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ!»

ያ ድምፅ!

«ይቺ ትራስ አሁን ጡቴ ነበረች። ለጨረታ ቀርባለች፤ ሂሳብ! ሂሳብ!»

አዳራሹ በሳቅም በለቅሶም ተናጋ። የአውቶብሷ ሾፌር ዋጋ ጠራ፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ጨመረች፣ ሾፌሩ እልህ ይዞት ደገመ። ድንገት አጠገቤ አንድ ድምፅ ሁሉንም በለጠ። ዓይነ ሜትር! አዲስ የስፌት መኪና ልትገዛበት ያጠራቀመችውን በሙሉ ጠራች።

«አበድሽ? የገዛ ትራስሽን?»

«ይቺን ትራስ ከቤታችን የሚያስወጣት የለም!» አለችኝ፤ እሷ፣ ለቁራጭ ክር የምትነጫነጨው።

«እዚያ ጥግ ያሉት እመቤት ወስደዋል» አለች እህትየው ከመድረኩ። «መልስ የለም!»

ሰኞ ጠዋት እህትየው የሥራ ልብሷን ይዛ ሱቅ መጣች፤ ደረቱ ይጥበብልኝ ብላ። ዓይነ ሜትር ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። ዘርግታም ጠባሳው ላይ አሳረፈችው።

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ» አለቻት።

«ፍጠኚ እትዬ፣ አውቶብሱ ጥሎኝ ሊሄድ ነው!»