ዘይነባና እድር መስሎን የገባንበት ማኅበር

ዘይነባ ልትመረቅ ነው! የሁለታችንም የመጨረሻ ውጤት ዛሬ ጠዋት በእኔ ኢሜይል መጣ። ሁሉንም ጨርሳለች፣ ያውም ከእኔ በልጣ!

ደህና ዋላችሁ ወዳጆቼ። ሰላምታ ሳላስቀድም ጀመርኩ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ደስታውን ላበስራት ኮል ሳደርግ ስልኩን ያነሳችው ልጇ ሃናን ናት። "እማዬ የለችም" አለችኝ። ሱቅ የሄደች መስሎኝ "ስትመጣ ንገሪያት" አልኳት። ልቅሶዋን ለቀቀችው። ለካስ ዘይነባ ሲነጋጋ ልቧ ቀጥ ብሎ፣ ሆስፒታል እንኳ ሳትደርስ...

ስልኩን ዘግቼ የጀመርኩትን ልብስ ማጠፍ ቀጠልኩ። አንድም ሳይቀር አጥፌ ጨረስኩ። እንባም የለ፣ ምንም የለ። አሁንም የለም።

ለማታውቋት፣ ዘይነባ እዚህ ቶሮንቶ፣ ኢስት ዮርክ፣ ጎረቤቴ ናት። "ነበረች" ማለት አልመጣልኝም። እኔ ኢቶቢኮ ዌርሃውስ ዕቃ ሳሽግ፣ እሷ ሰው ቤት ልጅ ስትጠብቅ ኖረን፣ ልጆቻችን ሲያድጉ የአረጋውያን እንክብካቤ ልንማር አብረን ኮሌጅ ገባን። መጀመሪያ ላይ ዞር ብሎ ያየን የለም። ተማሪው ሁሉ የልጆቻችን እኩያ! ምሳችንን ደረጃ ላይ ተቀምጠን ነበር የምንበላው።

አንድ ቀን አንድ ዓይነት ሹራብ የለበሱ ሴት ልጆች አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው አየን። ሶሮሪቲ ነን አሉ። ምንድነው እሱ ስንል፣ ፕሪያ የምትባለው አለቃቸው "እህትማማችነት ነው፤ አንዷ ሲከፋት ሌሎቻችን አለንላት፣ ዕድሜ ልክ" አለችን።

ዘይነባ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "ሰማሽ ሰኒ? እድር ነው እኮ! ፈረንጅም እድር አለው!"

"አንቺ፣ እነዚህ ሕፃናት ይስቁብናል።"

"ይሳቁ! ማን ያውቀናል!"

ለሁሉ ነገር መልሷ ይሄ ነበር፣ "ማን ያውቀናል!" የቶሮንቶ ሀበሻ በሙሉ እያወቃት።

ለመጀመሪያው ስብሰባ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ እሷ ለዒድ የገዛችውን ሂጃብ አድርጋ፣ ድፎ ዳቦ ተሸክመን ሄድን። አዲስ አባል ባዶ እጁን አይገባማ! በሩ ሲከፈት ልጆቹ ሁሉ በፒጃማ ወለል ላይ ተጋድመው ጥፍር ይቀባባሉ። እኔ ወደ ኋላ ስል ዘይነባ ጫማዋን አውልቃ መሀላቸው ቁጭ! ከዚያ በዚያ እንግሊዝኛዋ "ሰው ሲሞት ስንት ቀን ነው የምንቀመጠው?" ብላ ጠየቀች።

ፕሪያ ብድግ አለች። "ማነው የሞተው?!"

እድር ምን እንደሆነ ስናስረዳቸው በሳቅ ሞቱ። ከዚያ አንዷ ቀስ ብላ "እኔ ብታመም እዚህ የሚጠይቀኝ የለም" አለች። ሳቁ ቆመ። ከዚያን ቀን ወዲህ የታመመች ትጠየቃለች፣ ሾርባ ይወሰድላታል። እነሱም አሳይመንት በኮምፒውተር እንዴት እንደሚላክ ሳይሰለቹ አሳዩን። ደረጃ ላይ መብላት ቀረ፤ ካፌው ውስጥ ቦታ ይዘው ይጠሩን ጀመር፣ እንደ አክስት "ኣንቲ! ኣንቲ!" እያሉ።

ዛሬ ለቅሶ ቤት ስደርስ ልጆቹ ቀድመውኛል። ፀጉራቸውን ሸፍነው ተቀምጠዋል። ፕሪያ ወጥ ቤት ኩባያ ታጥባለች።

ጭንቁ የምርቃቱ ነገር ነበር። ኮሌጁ ሃናን ዲፕሎማውን ልትቀበልላት እንደምትችል ነግሯታል፤ አንዳንዱ ለቀስተኛ ግን "ሐዘን ላይ ሆኖ ምን ምርቃት ነው፣ ነውር ነው" አለ። ሃናን የዘይነባን ታላቅ ወንድም ሐጂን ጠየቀቻቸው።

"አጎቴ፣ እማዬ እዚያ መድረክ ላይ ስሟ ሲጠራ መስማት ነበር የምትፈልገው። ብቀበልላት ይቆጡኛል?"

ሐጂ የሚቆጥሩትን መስበሃ ኪሳቸው ከተቱ።

"በትምህርት ስም መጠራት ምን ነውር አለው፣ ልጄ? ሂጂ ተቀበይላት። እኔም እመጣለሁ። ከበሮ ብቻ እንዳታመጡ።"

ዘይኑዬ፣ ነገ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ እንሸኝሻለን። ጠዋት ልነግርሽ የነበረውን አሁን ልንገርሽ፦ ጨርሰሻል፣ አንድም የቀረሽ የለም። ለሃናን አትስጊ፣ እኔ አለሁላት። እኔ እስካሁን እንደ ድንጋይ ነኝ፤ እንባው ሲመጣ ይመጣል። ደህና ሁኚ እህቴ። ስምሽ ሲጠራ አዳራሹ ጭር አይልም፤ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ የምታውቋትም የማታውቋትም፣ ቆማችሁ ታጨበጭቡላታላችሁ። ምርቃቱ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ኮሌጁ አዳራሽ ነው። እንዳትቀሩ።