ዶልፊን የሆነችው የፎገራ ላም

«ላም አይደለችም አልኩዎት እኮ፣ አባባ! የተሳሳተ ነገር በእጄ አልጽፍም።»

«ግጥም ነው የምትጽፊው ወይስ የፈተና ወረቀት?»

«ግጥምም ቢሆን! የዶልፊን የቅርብ ዘመዱ ጉማሬ ነው። የጥንት አባታቸው አንድ ነው። ይኸው መጽሐፉ፣ ያንብቡት።»

የልጅ ልጄ ሰብለ ባሕር ዳር ባዮሎጂ ትማራለች። ለእረፍት ወረታ ስትመጣ የወጣትነት ግጥሞቼን ከአሮጌው ደብተር ወደ ኮምፒውተር ልትገለብጥልኝ ቃል ገብታ ነበር። አሥራ ሁለቱን ያለ ጭቅጭቅ ገለበጠች፤ አሥራ ሦስተኛው ላይ ተጣላን። እኔ ግን «ጉማሬ» ስትል ጠቡን ረሳሁት።

«እስቲ ድገሚው» አልኳት።

ደገመችው። እኔም ደብተሩን ጭኔ ላይ እንዳስቀመጥኩ በሐሳብ ወደዚያ ነሐሴ ተመለስኩ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ሩዝ ለፎገራ ገና እንግዳ እህል ነው፤ ገበሬው እፍኝ ይዘግንና እያገላበጠ ያየዋል፣ መልሶ ይደፋዋል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ እግሬ አንድ ቦታ የማይረጋ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ ግጥም ያስተማረኝም የለም። ባለሱቁ ጨው የሚጠቀልልበትን የመጽሔት ቅጠል ሁሉ እየዘረጋሁ አነብ ነበር። አንድ ቀን ከእነዚያ ቅጠሎች በአንዱ ላይ ዶልፊንን አገኘሁት።

ባሕር ውስጥ ይኖራል እንጂ ዓሣ አይደለም ይላል ወረቀቱ። አየር ይተነፍሳል፣ ልጁን ያጠባል፣ የታመመ ጓደኛውን እንዲተነፍስ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ያሳዩትን ቶሎ ይማራል። የጥንት አባቱ ሰኮና የነበረው የየብስ እንስሳ ነው። ቀጥሎም «ከዛሬዎቹ እንስሳት የሚቀርበው…» ይልና ወረቀቱ እዚያ ላይ ተቀዷል። የቀረውን ጨው በልቶታል።

ሰኮና ሲባል የፎገራ ሰው ምን ይታየዋል? በነሐሴ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሐይቅ ሲሆን ላሞቻችን ደረታቸው ድረስ ውኃ ገብተው፣ አፍንጫቸውን ነክረው ሣር ይነጩ ነበር። ከውኃው በላይ የሚታየው ቀንድና ሻኛ ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል? የተቀደደውን ዓረፍተ ነገር እኔ ራሴ ጨረስኩት፦

የፎገራ ላም ናት፣ ጎርፍ ያስኮበለላት፣
ዓባይ እየሸኛት፣ ባሕር ተቀበላት።
ሰኮናዋ ጠፍቶ ክንፍ ቢበቅልላትም፣
ጥጃዋን ማጥባቱን ባሕር አላስተዋትም።

በዚያው ሰሞን የቀበሌው ካድሬ ለአውራጃው የኪነት ቡድን ገጣሚ እንደሚመርጥ ተነገረ። የተመረጠ አዲስ ዘመን ከተማ ይሄዳል፤ ጎበዝ ከሆነ ደግሞ ጎንደር። እኔ ከወረታ ለመውጣት የማልከፍለው ነገር አልነበረም። እሑድ ከሰዓት ሕዝቡ በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰበ፤ ካህናቱም እንዲገኙ ታዘዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ አዳራሹ እርጥብ ጋቢና ጭቃ ይሸታል። ስለ ዶልፊን ያነበብኩትን አስረዳሁና ግጥሜን ጮክ ብዬ አነበብኩ።

መጀመሪያ የተነሣው ምጽዋ ዘምቶ የተመለሰው አያ ሞላ ነው። «እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ! መርከቡን እየተሽቀዳደመ ይዘላል። ላም አይደለም፤ ቀይ ባሕር ውስጥ የሰጠመው የፈርዖን ሠራዊት ነው። የሰመጠ ሰው ሲያገኝ ወደ ላይ የሚገፋውም ንስሐ ገብቶ ነው!»

«ፈረሶቹስ የት ደረሱ?» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ።

ከዚያ የቁሐር ሚካኤሉ መሪጌታ ውቤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሳቁ ጸጥ አለ።

«ልጄ፣ ዓሣ ነው ካልክ በጾም የሚበላው አይጠፋም። ላም ነው ካልክ ያስገድፋል። አሁን ፍልሰታ ላይ ነን፤ ቁርጡን ንገረን።»

«ላም ነው፣ መሪጌታ» አልኩ አንገቴን ቀና አድርጌ።

«ላምስ አይደለም። ላም ጎርፍ ሲመጣ ቆማ ጌታዋን ትጠብቃለች እንጂ ጥላው አትሄድም። ጥፍሩ እንደ ሰኮና የሆነ፣ ውኃ ውስጥ ወልዶ ውኃ ውስጥ የሚያጠባ እኛ ዘንድ አንድ ብቻ ነው። ርብ ጣና የሚገባበት ሂድና ተመልከት። ያንተ ዶልፊን ጉማሬ ነው!»

አዳራሹ ፈነዳ። ሰዉ እየተያየ «ጉማሬ! ጉማሬ!» ይላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የወረታ ሰው የሚጠራኝ «ጉማሬው» እያለ ነው።

ካድሬው አልሳቀም። ጠራኝና ቀይ እስክሪብቶ ሰጠኝ። «ፍጥረት በየጊዜው እንደሚለዋወጥ ማሳየትህ ጥሩ ነው፣ ጓድ። ላሟን ሰርዝና በእሷ ቦታ ቄስ ሕዝቡን ሲያታልል እንደኖረ ሁለት መስመር ጨምር። አዲስ ዘመን ትሄዳለህ።»

እስክሪብቶውን ይዤ ቆምኩ። መሪጌታ ከፊት ወንበር እንደተቀመጡ ያዩኛል። ሌላው ሲያጨበጭብና ሲስቅ፣ ከግጥሜ ጋር ቁም ነገር ብለው የተከራከሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስድብ ሳይሆን ክርክር ነው የሰጡኝ፤ ለእኔ ያ ከጭብጨባው ይበልጥብኝ ነበር።

«ላሟም አትነካም፣ መሪጌታም አይነኩም» አልኩና እስክሪብቶውን መለስኩለት።

ከሐሙሲት ከተማ የመጣ ልጅ ተመረጠ። እኔ እስከ ጉልበቴ ጭቃ እያቦካሁ ወደ ቤት ስሄድ መሪጌታ ከኋላ ደረሱብኝ። ከኪሳቸው እፍኝ የሽምብራ ቆሎ አውጥተው እጄ ላይ አፈሰሱልኝ። ብዙ መንገድ እየቆረጠምን ሄድን።

«ግጥምህ ደህና ነው» አሉኝ መለያያችን ላይ። «የሳትከው ከብቱን ብቻ ነው።»

አሁን ሰብለ መጽሐፏን ይዛ ፊቴ ቆማለች። ሳይንቲስቶቹ እንኳ ከየብስ እንስሳት ሁሉ ጉማሬን ለዶልፊን የቅርብ ዘመድ ያደረጉት ዘግይተው ነው ትለኛለች። ዶልፊኖች በየራሳቸው ፉጨት እንደ ስም እንደሚጠራሩም ጨመረችልኝ። እኔ በልቤ የማስበው ግን ሌላ ነው። መሪጌታ ውቤ ባሕር አይተው አያውቁም፤ ዶልፊን የሚለውንም ቃል ከእኔ ነው የሰሙት። የሚያውቁት የርብን አፍ ነው፤ እሱን ግን አሳምረው ያውቁት ነበር። የተቀደደውን ዓረፍተ ነገር እኔ በፍቅር ጨረስኩት፣ እሳቸው በዓይናቸው። በቅጽል ስሜ ለአርባ ዓመት አፍሬ አላውቅም ማለት ውሸት ነው። ዛሬ ግን ኮራሁበት።

«ታዲያ ላሟን ልቀይራት?» አለች ሰብለ።

«ከአዲስ ዘመን ያስቀረችኝን ላም? አትነኪያትም!»

«ተሳስተዋል እኮ፣ አባባ!»

«አውቃለሁ። ከግርጌው እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ የቁሐር ሚካኤሉ መሪጌታ ውቤ ጉማሬ ነው ብለው ነበር፤ እውነቱም የእሳቸው ነው። ስማቸውን በትልቁ አድርጊው።»

ደብተሩን ከጭኔ ላይ አንሥታ በደረቷ አቀፈች።

«እሺ፣ ጉማሬው» ብላኝ እየሳቀች ወጣች፤ በሩም ከኋላዋ ገጭ ብሎ ተዘጋ።